ምስክር ለምና ቢላዋ የተሰጣት

በአንድ የልብስ ስፌት ቤት ውስጥ እህትና ወንድም አብረው ይሠሩ ነበር፤ እሱ ጨርቅ ቆራጭ፣ እሷ ሰፊ። እሷ ኮሌታ ስትሰፋ ክሩ የገባበት ስለማይታይ ባልደረቦቿ «ኮሌታ» እያሉ ይጠሯታል።

ከባሏ ከተለያየች ወዲህ ሰውየው አንድ ልማድ አወጣ። ደንበኛ የሚበዛበትን ሰዓት ጠብቆ በሩ ላይ ይቆምና ይሰድባታል። «ይሄን ፊትሽን ባላበላሸው!» እያለ ይዝትባታል። ሰፊዎቹ ሴቶችም የራሳቸውን ልማድ አወጡ። ድምፁን ሲሰሙ ሁሉም ባንድ ጊዜ መርገጫውን ይጫኑታል፤ የማሽኖቹ ጩኸት ስድቡን ይውጠዋል። ገመናዋን የሸፈኑላት መስሏቸው ነበር። ቀልደኛዋ አዝራር ተካይ፣ «እሱ በመጣ ቁጥር እኮ ሥራችን ይፋጠናል!» ስትል ይስቃሉ። ኮሌታም አብራ ትስቃለች፤ ምን ታድርግ?

አንድ ቀን መንገድ ላይ ጠብቆ አነቃት። ሰው ሲመጣ ለቀቃት። ከዚያ በቀጥታ ፖሊስ ጣቢያ ሄደች። መርማሪዋ እስከ መጨረሻው ሰማቻትና፣ «ፍርድ ቤቱ አጠገብሽ እንዳይደርስ ሊያዝልሽ ይችላል፤ ዛቻውን የሰሙ ሰዎች ይዘሽልኝ ነይ» አለቻት።

ኮሌታ ወንድሟን ለመነችው።

«ጋሼ፣ ነገ አብረኸኝ ሂድ። የሰማኸውን ብቻ ነው የምትናገረው።»

«የአባታችንን ስም ፖሊስ ጣቢያ ላስጠራ? ሰው ምን ይለናል? ደሞስ ወረቀት ቡጢ ይመልሳል እንዴ?»

አዝራር ተካይዋንም ጠየቀቻት። «እኔማ በዚያ ሁሉ የማሽን ጩኸት ምን ሰማሁ ብዬ ልማል፣ እቴ?» አለቻት።

በማግስቱ ወንድሟ በጨርቅ የተጠቀለለ ቢላዋ ሰጣት። «ቦርሳሽ ውስጥ ያዢው። ከደረሰብሽ እንዳትምሪው።»

«እኔ ሰው መውጋት የት አውቅና?»

«መውጋት አይጠበቅብሽም። ሲያየው ይፈራል።»

አልፈራም። ክር ልትገዛ ስትወጣ መንገዷ ላይ ቆመ። ቢላዋውን አወጣች። ነጠቃትና ቀኝ መዳፏን ሰነጠቀው። ሲያዝም፣ «ልትገድለኝ ነበር፤ ራሴን ነው የተከላከልኩት» አለ።

ቆራጩ ሆስፒታል ሲደርስ ሐኪሙ ጅማቷ መቆረጡን፣ ጣቶቿም እንደ ድሮው እንደማይታዘዟት ነገረው። አልጋው አጠገብ ቆሞ መፎከር ጀመረ። «በእጄ ይግባ ብቻ! ካልደፋሁት...»

«ጋሼ» አለችው ቀስ ብላ፣ «እኔ መቼ ቢላዋ ለመንኩህ? አብረኸኝ ሂድ ነው ያልኩህ።»

ቀና ብሎ ሊያያት አልቻለም።

በማግስቱ መርማሪዋ ፊት ተቀመጠ። የሰማውን ሁሉ ተናገረ። ቢላዋውን የሰጣት እሱ መሆኑንም አልደበቀም።

«እህትህ ስትለምንህ ለምን አልመጣህም?»

«አፍሬ ነበር።»

«በማን?»

«በእሷ» አለና አንገቱን ደፋ።

አዝራር ተካይዋና ሌሎቹ ሴቶችም አንድ በአንድ መጥተው መሰከሩ። ሰውየው ተፈረደበት። እሱ ሲፈታም አጠገቧ እንዳይደርስ ታዘዘላት። የኮሌታ ጣቶች ግን በፍርድ አልተመለሱም።

ወገኖቼ፣ ሞት ፊቷ ቆሞ ያገኘችውን ባነሣች ሴት ላይ ጣት መቀሰር አይገባም። ሕግ ሁልጊዜ ቀድሞ ይደርሳል ብዬም አልዋሽም። ነገር ግን ሕግ የሚሰማው በእኛ ጆሮ፣ የሚናገረውም በእኛ አንደበት ነው። እኛ አፋችንን ዘግተን ለእሷ ስለት ስናቀብላት፣ ጀግና አላደረግናትም፤ የእኛን ድርሻ ጫንቃዋ ላይ ጥለን ሸሸን እንጂ። ስለዚህ እህትህ ወይም ጎረቤትህ «አብረኸኝ ሂድ» ካለችህ፣ ምክር አታብዛ። ጫማህን አድርግና ተነሥ።