አገርዎ የት ነው?

መኪኖቻቸው «አላውቃችሁም» ያሏቸው ሹፌሮች በዚያም ጠዋት ከሮቢት በላይ ባለው የአዋሽ ክልል ኬላ ዳር፣ በየመኪናቸው ጥላ ሥር ተጋድመው ነበር። ልሳነወርቅ ከቢሮው ብቅ ብሎ አያቸውና በረጅሙ ተነፈሰ። አልገረመውም። ሰሞኑን ጠዋት ጠዋት የሚያየው ይህንኑ ነው፤ ሰው ደግሞ በየቀኑ በሚያየው ነገር መገረም ይታክተዋል።

መንጃ ፈቃድ ካርድነቱ ቀርቶ ከመዳፍ ቆዳ ሥር ከገባ ቆይቷል። ሹፌሩ መሪውን ሲጨብጥ መኪናው ያነብበዋል፤ ካልጣመው ይቆልፋል። ሕጉ ግን ያው የድሮው ነው፤ ሰው መያዝ የሚችለው የሚኖርበትን ክልል ፈቃድ ብቻ ነው። ከአዋሽ ክልል ወደ ዓባይ ክልል ጓዙን ጠቅልሎ የገባ በሦስት ወር ውስጥ ያስቀይራል፤ ለጥየቃ የመጣ በያዘው ይነዳል፣ ጭነት ግን አይጭንም። ልሳነወርቅ ይህን ለሹፌሮች ከማስረዳቱ ብዛት በእንቅልፉም ሳይለፈልፈው አይቀርም።

ጣጣው የመጣው ከዋናው መሥሪያ ቤት ነበር። በየመኪናው ውስጥ ሆኖ ሹፌሩን የሚያነጋግረው፣ ሁሉም «ጠያቂ» የሚለው ድምፅ፣ ፈቃድ ሲታደስ «መደበኛ የመኖሪያ ክልልዎን ይግለጹ» ይል ነበር። ሰው ሁሉ «ምን አልከኝ?» እያለ ሲያስቸግር አንድ ደግ አሳቢ ተነሣና ሕዝቡ በሚገባው ቋንቋ ይጠየቅ አለ። ከመስከረም ወዲህ ጠያቂው በለሰለሰ ድምፅ «አገርዎ የት ነው?» ይላል።

አገርህ የት ነው ሲባል የእኛ ሰው ምን እንደሚመልስ ጠያቂው ከየት ይወቀው! ተወልዶ ያደገበትን ከተማ ለአንድ ቀን እንኳ ለቆ የማያውቅ ሰው ደረቱን ነፍቶ የአያቱን ቀዬ ይጠራል። እሱ እንደ ጠራው ፈቃዱም ወደዚያው ይዛወራል። በማግስቱ ጭኖ ሲወጣ በገዛ ከተማው እንግዳ ሆኖ ኬላው ላይ ይቆማል።

ከሰልፉ ፊት የቆመችው ስንዱ የምትባል ሴት ነበረች። የምትጭነው ንብ ነው። የቆላው የግራር አበባ ሲረግፍ ቀፎዎቿን ይዛ ወደ ደጋ ትወጣለች፤ የደጋው የማገጥ አበባ ሲያልቅ ደግሞ መልሳ ትወርዳለች። ንቦቹ መንገድ ላይ እንዳይወጡ የቀፎዎቹን አፍ በወንፊት ዘግታዋለች። መሪው ሲቆለፍ ማቀዝቀዣውም አብሮ ጠፍቶባታል፤ የሮቢት ፀሐይ ደግሞ ለማንም አታዝንም።

«ጋሼ፣ እስኪ ይስሙልኝ» አለችው ገና ሲቀርብ፣ ጆሮውን ወደ አንዱ ቀፎ እንዲያስጠጋ እጅጌውን እየጎተተች። «ይህ የደህና ንብ ድምፅ አይደለም። እየታፈኑ ነው። እስከ ቀትር እዚህ ከቆምኩ ሰሙ ቀልጦ ይደፋባቸዋል፤ አንድም አይተርፈኝ።»

«ወንፊቱን ብትከፍችላቸውስ?»

«ከዚያ እነዚህን ሹፌሮች ማን ያስጥላቸዋል?»

ልሳነወርቅ በማንበቢያው መዳፏን አየ። የጊቤ ክልል ነዋሪ ሆናለች።

«ጊቤ ኖረሽ ታውቂያለሽ?»

«ረግጬውም አላውቅ። አባቴ ናቸው የዚያ ሰው።»

«ታዲያ ምን ብለሽ ጊቤ አልሽ?»

«አገርሽ የት ነው አለኛ!»

ድሮ ቢሆን ልሳነወርቅ ማኅተሙን አንሥቶ ያሳርፍና ይገላግላት ነበር። ዛሬ የቀረችው ሥልጣን ጠያቂው እንደገና እንዲጠይቅ ማዘዝ ብቻ ናት። ጋቢና ገብቶ ከጎኗ ተቀመጠ፣ አዘዘም። «አገርዎ የት ነው?» አለ ድምፁ።

«ሮቢት» አለች ስንዱ፣ መሪውን በሁለት እጇ ጨብጣ።

መሪው ቀይ በራ። «መልሱ ከልብ አልሆነም። እባክዎ በድጋሚ ይሞክሩ።»

ይህን የሚለው ልብ ሰሚው ነው። ሰው በውሸት አድራሻ እንዳያጭበረብር ተብሎ መሪው ውስጥ የተቀመጠ፣ የድምፅን መንቀጥቀጥና የመዳፍን ላብ የሚለካ ነገር ነው። ስንዱ ደግማ ሞከረች፣ ሠልሳ ሞከረች። ቀይ።

«አየሽ፣ ረጋ ብለሽ፣ አምነሽበት በይው» አላት።

«እንዴት ልመንበት? አባቴ ሲሞቱ እንኳ አፋቸው ላይ የነበረው ጊቤ ነው። አገሬ ሌላ ነው ስል እሳቸውን የካድኩ ይመስለኛል፤ ምን ላድርግ?»

«እሺ፣ ማታ የት ነው የምታድሪው? እሱን ንገሪው።»

«እዚሁ መኪናዬ ውስጥ ነዋ!»

«በዚህ ስም የተመዘገበ ክልል የለም» አለ ጠያቂው፣ በዚያው በለሰለሰ ድምፅ።

ከኋላ አንዱ ቀፎ ድምፁ እየሰለለ ሄደ። ስንዱ ሰማችው፤ ዓይኗ እንባ ሞላ። ልሳነወርቅ ደከመው። ሙቀቱ፣ ክላክሱ፣ በየቀኑ ያው አንድ ዓይነት ሙግት፣ ሁሉም ተጠራቅሞ አናቱ ላይ ወጣ።

«በይ እንግዲህ!» ብሎ ጮኸባት። «ከንቦችሽ ጋር እዚሁ ድርቅ በይ! ለመሆኑ እዚህ ብትሞቺ ማን አለሽና ነው የሚቀብርሽ?»

«የሮቢት ዕድርተኛ ነዋ!» ስትል መለሰችለት፣ ሳታስበው፣ እንደ መቆጣት ብላ። «ምን ሰው የሌለኝ መሰልኩዎት? ድንኳን ተካይ ነኝ እኮ!»

መሪው አረንጓዴ በራ። ማቀዝቀዣው ከኋላ ነፈሰ። «አመሰግናለሁ። የአዋሽ ክልል ነዋሪ፣ ሮቢት። መልካም ጉዞ።»

ሁለቱም ለትንሽ ጊዜ መሪውን አፍጥጠው አዩት። ከዚያ ስንዱ ልሳነወርቅን ገፍታ ልታወርደው ምንም አልቀራትም። መኪናው ሽቅብ ወደ ጣርማበር ሲሮጥ እሱ አቧራው ላይ ቆሞ ቀረ። በሰው ላይ ክፉ ተናግሮ መፍትሔ ሲያገኝ የመጀመሪያው ነበር፤ አፈረም፣ ደስም አለው።

ጠያቂው የሰመረለትን ጥያቄ ለሌሎቹ መኪኖች ማካፈል ያውቃል። ከቀትር በኋላ ከየጋቢናው «ዕድርዎ የት ነው?» የሚል ድምፅ ይሰማ ጀመር። ሹፌሮቹም ያለ ማመንታት የሰፈር ስም፣ የቤተ ክርስቲያን ስም፣ የመስጊድ ስም ይጠራሉ፤ አንዱም ቀይ አልበራበት። አሥር ሰዓት ሳይሆን ኬላው ባዶ ሆነ።

ልሳነወርቅም ቢሮውን ቆልፎ ወደ መኪናው ገባ። የእሱም ፈቃድ የሚታደስበት ቀን ነበርና መሪውን ሲጨብጥ ድምፁ ጠየቀው።

«ዕድርዎ የት ነው?»

 ከኬላ ወደ ኬላ ሲያዛውሩት ኖረዋል። በየደረሰበት ዕድር እገባለሁ ይላል፤ ሳይገባ ሌላ ዝውውር ይመጣል። ሚስቱን የቀበሯት እንኳ የእሷ ዕድርተኞች ነበሩ፤ እሱ ለቅሶ ደራሽ ይመስል ዳር ቆሞ ዋለ፤ ከዚያ ወዲህ ያንን ሰፈር አልረገጠም። የእሷን ዕድር ስም ጠራ። ቀይ። የኬላውን ስም ጠራ። ቀይ። ያኔ ፍርሃት ያዘው፤ የመኪና ጉዳይ አልነበረም።

ስልኩን አውጥቶ ጠዋት ማንበቢያው ላይ በቀረው ቁጥሯ ስንዱ ጋ ደወለ። የነፋስ ድምፅ ይሰማል፤ ደጋ ደርሳለች።

«ሁለት ቀፎ አልቆብኛል» አለችው። «የቀሩት ወጥተው አበባ ላይ ናቸው። እግዜር ይስጥልኝ።»

«ስንዱ፣ ስለ ዕድራችሁ ልጠይቅሽ ነበር።»

ድምፅዋ ወዲያው ተለወጠ። «ውይ! ማን ሞተብዎት ጋሼ?»

«ማንም አልሞተብኝም» አላት። «የሚሞትብኝም የለኝ። እኔ ልገባ ነው።»

 የምትስቅበት መስሎት ነበር፤ አልሳቀችም።

«እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ስብሰባ አለ» አለችው። «እኔ ባልኖርም ለዕድሩ ዳኛ እነግርልዎታለሁ። ግን ጋሼ፣ ለመቀበር ብቻ የሚመጣ አንወድም፤ መቃብርም ይቆፍራሉ፣ ድንኳንም ይሸከማሉ።»

«እሸከማለሁ» አለ።

መሪው ቀይ እንደሆነ ነው። ልሳነወርቅ መኪናውን እዚያው ትቶ ወረደና በእግሩ ወደ ሮቢት መንገድ ጀመረ።