የጀለብያው ኪስ

«ይቺን ጠይቂያት፤ ኪኒኑን በየጠዋቱ ስውጥ ታየኛለች» አሉ ሀጂ ኸሊፋ፣ ክንዳቸውን ለደም ግፊት መለኪያው እንደዘረጉ።

የጤና ጣቢያው ነርስ ሲስተር ውባንች ወደ ልጅ ልጃቸው ወደ ሩፊዳ ዞረች። ሩፊዳ አፏን ከፈተች፤ ቃል ግን አልወጣም። ይሄ ራሱ ተአምር ነው። ሩፊዳ ማለት ገና የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ሆና፣ በመተማ ሙቀት ዶሮዎች የተቀቀለ እንቁላል ይጥላሉ ብላ ከጎንደር የመጣውን አዲስ መምህር ያሳመነች ጉድ ናት። መምህሩ ጨው ይዞ ሦስት ቀን የጎረቤት ዶሮ ሲከተል ሰነበተ ይባላል። «ይባላል» ያለችውም ራሷ ናት።

አያቷ ከቤቱ ሰው ሁሉ መርጠው ያመጧት ለዚሁ ነው። መንገድ ላይ ጥላ ፈልገው ቆም አሉና «‹ይውጣሉ› በያት። ውሸት መቼም አይቸግርሽ» አሏት። እሷም እሺ ብላ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። የግፊት ኪኒናቸው ሽንት ያበዛል። ባለፈው ወር አንድ ጁምዓ ውዱእ፣ የሶላት ትጥበታቸውን፣ ሊያድሱ ሁለቴ ከሶላት ሰልፍ ሲወጡ አንድ ጎረምሳ ሳቀባቸው። ከዚያ ወዲህ ኪኒኑ ከጀለብያቸው ኪስ ወጥቶ አያውቅም። ይህን ለሩፊዳ ብቻ ነግረዋታል። ለሴት ነርስ ከሚናገሩ ሩቅ አገር ገለጉ ድረስ በእግራቸው ቢሄዱ ይመርጣሉ።

«መቶ ሰማንያ በመቶ አስር!» አለች ሲስተር ውባንች። «እየዋጡ እንዲህ ከሆነማ መድኃኒቱ አንሷል። መጠኑን ጨምሬ፣ ሌላም አክዬ ልጻፍልዎ።» እስክሪብቶ አነሳች።

ሩፊዳ እስክሪብቶውን በዓይኗ ተከተለች። አያቷ እልኸኛ ናቸው። አንድ ቀን ራሳቸውን ሲያዞራቸው ተናደው ያንን ሁሉ ባንዴ ቢውጡትስ?

«አይውጡም» አለች።

ሲስተር ውባንች ሳቀች። «ደግሞ ጀመረሽ! እንደ ዶሮዋ እንቁላል ነው?»

«ወላሂ አይውጡም!»

«ውሸታም!» አሉ ሀጂ። «ቆይ፣ ቤት እንገናኝ!»

«እንገናኛለና!» አለችና እጇን የጀለብያቸው ኪስ ውስጥ ሰደደች። በዘር ማንዘሯ እንዲህ የደፈረ የለም። ሀጂ አንጓዋን ጨበጡ።

«ልቀቂ።»

«አልለቅም።»

«ሩፊዳ!»

«ይምቱኝ። አልለቅም።»

ጎትታ አወጣችው። ሁለት እሽግ ኪኒን፣ አንድ ፍሬ እንኳ ያልጎደለው፣ ጠረጴዛው ላይ ተቀመጠ።

ሲስተር ውባንች የጻፈችውን ሰረዘች። ድምጿ ዝቅ አለ። «ምን አስቸገረዎት ሀጂ? ቢነግሩኝ እኮ በሌላ ሊለወጥ ይችላል።»

ሀጂ ኸሊፋ ግድግዳ ግድግዳውን አዩ። ላባቸው በጺማቸው ወረደ።

መልሱ ሩፊዳ ምላስ ላይ ነበር። ሶላቱ፣ ውዱኡ፣ የሳቀው ጎረምሳ። እሷ እንደ ልማዷ ጨምራ ብታወራውማ ጎረምሳውን ሦስት ጥርስ ታስወልቀው ነበር። መልሱን ግን ዋጠችው።

«እኔ ውጭ ነኝ አባባ» አለች። ወጥታ በሩን ዘጋችና በጀርባዋ ተደገፈችው።

በረንዳው ላይ ወረፋ የያዙ አንዲት ሴትዮ ብድግ አሉ። «ዞር በይ እንጂ፣ የኔ ተራ ነው!»

«ገና ነው እትዬ።»

«ይሄን ያህል ምን ያወራሉ?»

«የራሳቸው ጉዳይ ነው» አለች ሩፊዳ፤ ከበሩም ንቅንቅ አላለች።