ያልደረቁት ጓንቶች

ወጣቱ ሠራተኛ ቦጎሚል የሞተው ጭነት ማንሻው ፎርክሊፍት ላይ እንደተቀመጠ ነው። ግንባሩ መሪው ላይ ተደፍቷል። ፊቱ ቀልቷል፤ ላየው ሰው የተኛ እንጂ የሞተ አይመስልም።

«የጭስ መርዝ ነው» አለ ሐኪሙ።

መርማሪ ካሊና የፖም ማቀዝቀዣ መጋዘኑን ትልቅ በር ተመለከተች።

«በሩን ማን ዘጋው?»

«ሁሌም ዝግ ነው» አለ ሥራ አስኪያጁ ቬሊችኮቭ፣ ላቡን እየጠረገ። «ቅዝቃዜው ከወጣ የመብራት ሒሳቡን አንችለውም። እዚህ የሚገቡት በባትሪ የሚሠሩት ፎርክሊፍቶች ናቸው፤ ጭስ የላቸውም። ይሄ በጋዝ የሚሄድ አሮጌ ለውጭው ግቢ ብቻ ነው። ሰኞ ለቆራሌ ልንሸጠው ነበር።»

«ታዲያ ልጁ ለምን አስገባው?»

«እኔ ምን አውቄ! ጭነት መኪናው ደጅ ላይ ጥሩምባውን ይነፋ ነበር።»

ካሊና በባትሪ የሚሠሩትን ሁለቱን ሞከረች። አልነቃነቅ አሉ። ገመዳቸው ግን ቻርጀሩ ላይ ተሰክቷል።

«ሒሳብ ለመቆጠብ ብለህ ቻርጀሩን ማታ አጥፍተኸዋል።»

«እኔ? ልጆቼን ይንሳኝ!»

ከቻርጀሩ በላይ በተወጠረ ሲባጎ ላይ የፖም ለቃሚዎቹ ጓንቶች ተሰቅለዋል። ካሊና አንዱን ጨመቀችው። ውሃ ጠብ አለ።

«አትድከሚ ልጄ፣ ዛሬ አልደረቁም» አለች ከለቃሚዎቹ አንዷ፣ እትዬ ፔና። «ማታ እዚህ እንሰቅላቸዋለን። የቻርጀሩ ማራገቢያ ትኩስ አየር ይተፋባቸዋል፤ ጠዋት እንደ ብስኩት ደርቀው ነው የምናገኛቸው።»

ካሊና ወደ ቻርጀሩ ዞረች። ገመዱ ሌሊቱን ተነቅሎ ነበር ማለት ነው። የተሰካው ገና አሁን ነው።

«ትናንት መጨረሻ የወጣው ማነው?»

ፔና ዓይኗን ሰበረች።

«የጋሽ ራንገል የስም ቀናቸው፣ የስማቸው ቅዱስ በዓል ነበር። ራኪያ አረቄ ቀዱልን፣ በአይብ የተጋገረ ባኒጻ አጎረሱን። ከዚያ ‹ሂዱ፣ እኔ እዘጋለሁ› አሉን።»

የአሮጌው ፎርክሊፍት ነጂ ጋሽ ራንገል የፖም ሣጥን ላይ ተቀምጠዋል። ባርኔጣቸውን በእጃቸው ያሻሉ።

«ጋሼ፣ ገመዱን የነቀሉት እርስዎ ነዎት?»

«መልሼ ሰካሁት» አሉ። «ሞቷል ሲሉኝ ሮጬ መጣሁና ሰካሁት። ምን ሊረባ!»

«ለምን ነቀሉት?»

«አሮጌዋን ፎርክሊፍቴን ሲሸጡ እኔንም ሊያሰናብቱ ነዋ! አንድ ጠዋት ብቻ እነዚህ ባትሪዎች ቢለግሙ፣ መኪናው ደጅ ላይ ቢጮህ፣ ‹ራንገልን ጥሩት› ይላሉ ብዬ ነው። መጥቼ በሩን በርግጄ እጭን ነበር። እኔ ሳልከፍት ነድቼ አላውቅም። እሱ ግን... እነዚህ ልጆች የተማሩት ጭስ የሌለው ላይ ነው። በሩን ዝጋ እንጂ ክፈት ያለው ሰው የለም።»

ቬሊችኮቭ ፊቱን አዞረ።

«እሱን ልጎዳ ብዬ አይደለም» አሉ ጋሽ ራንገል። «ለብሼ፣ ጫማዬን አስሬ ስልኩ አጠገብ ተቀምጬ ነበር። ለምን አልደወለልኝም?»

 መልሱ የነበራት ፔና ናት፤ ባይኖራት ትመርጥ ነበር።

«ደውልላቸው ብዬው ነበር። የአሮጌውን ፎርክሊፍት ቁልፍ ከምስማሩ ላይ እያነሳ፣ ‹ትናንት በዓላቸው ነበር፣ ደክሟቸዋል› አለኝ። ‹ሽማግሌው ይተኙበት።›»

ጋሽ ራንገል ባርኔጣቸውን ፊታቸው ላይ ደፉ። የቻርጀሩ ማራገቢያ አሁን ተነስቶ፣ ከበላዩ ያሉት ጓንቶች ቀስ እያሉ መወዛወዝ ጀምረው ነበር።