ጉንጩ የተጫረው ሳንቲም

ከኬፕታውን እስከ ካይሮ የኬልቶችን ሳንቲም እንደ እኔ የሚያውቅ ሰው የለም፣ ጉራ አይደለም፣ ሌላ የሚያጠናው ስለሌለ ነው። ኬልቶች ማለት ሮማውያን ሳይመጡባቸው በፊት አውሮፓን ሲያተራምሱ የነበሩ፣ የጠላታቸውን ጭንቅላት ቆርጠው በራቸው ላይ የሚሰቅሉ ሰዎች ናቸው፣ እኔ ደግሞ ዕድሜዬን የእነሱን ገንዘብ በብሩሽ ስጠርግ የኖርኩ ነኝ፣ እመኑኝ፣ አንድም ሙት «ሳንቲሜን መልስ» ብሎኝ ስለማያውቅ በመንፈስ ምናምን አላምንም ነበር።

አንድ ቀን አመሻሹ ላይ፣ እዚሁ ጆሃንስበርግ፣ ከምሠራበት ሙዚየም ለምርመራ የወሰድኩትን የብር ሳንቲም ኪሴ ከትቼ (አይደረግም፣ አውቃለሁ) ሶዌቶ ውስጥ «ስፓዛ» የሚሏት ትንሽ የሰፈር ሱቅ ያለው የሚስቴ ወንድም ታምራት ዘንድ ጎራ አልኩ። ሳንቲሙ በአንድ ገጹ ዓይኑ ያፈጠጠ የሰው ፊት፣ በሌላው ፈረስ አለበት፣ አውጥቼ ሰጠሁት።

«ጋሼ፣ ይሄን ሁሉ ተምረው ዳቦ የማይገዛ ሳንቲም?» ብሎ ሳቀብኝ፣ ከዚያ ፎርጅድ የአምስት ራንድ ሳንቲም እንደሚለይበት ልማዱ ባንኮኒው ላይ አንኳኳውና፣ «ተው!» ሳልል በዳቦ ቢላው የፊቱን ጉንጭ ከጆሮ እስከ አፍ ጫረው።

«ብር ነው» አለኝ፣ ኮራ ብሎ።

ወዲያው መብራት ጠፋ። መብራት መጥፋት እዚህ ብርቅ አይደለም፣ ግን ፍሪጁ ዝም ሲል ከጓዳው፣ ከዱቄቱ ከረጢቶች ኋላ፣ ሲሚንቶ ላይ ቋ... ቋ... የሚል ኮቴ ሰማሁ፣ የረጠበ ፈረስ ሽታም አፍንጫዬ ገባ።

«ፈረስ ታረባለህ እንዴ?»

«ጋሼ ደግሞ! ጓዳው ለእኔም መተኛ አልበቃ!»

«ሳውቦና፣ ማይ ፍሬንድ» አለ ሌላ ድምፅ፣ በዙሉ ሰላም ማለቱ ነው። ሁለት ጎረምሶች የስልክ ባትሪ እያበሩ የጎን በሩን ገንጥለው ገቡ። ታምራት እጁን እንኳ ሳያነሳ አንደኛው በሽጉጥ ሰደፍ አፉን አለው፣ ጥርሱ ባንኮኒው ላይ ተንከባለለ፣ ሲወድቅ በእርግጫ ተቀባበሉት፣ ደሙ ዳቦው ላይ ተረጨ። «በኢየሱስ ስም!» እያለ ሲያቃስት ባለሽጉጡ አፈሙዙን ግንባሩ ላይ ደቀነ። እኔ ጀግናው ሳንቲሙን ከባንኮኒው ላፍ አድርጌ አፌ ውስጥ ከትቼ ድንች ከረጢት ኋላ ተሸጉጫለሁ።

ኮቴው ቀረበ። ባለሽጉጡ ዞር አለ። ማንም አልነካውም፣ በእናቴ ልማልላችሁ፣ ማንም! ጉንጩ ግን ከጆሮው እስከ አፉ፣ ልክ ታምራት በጫረው መስመር ተተረተረ፣ የመንጋጋ ጥርሱ ታየ። ሽጉጡን ጥሎ እየጮኸ ወጣ፣ ጓደኛውም ተከተለው።

በፈሰሰው ደም ላይ የኮቴ አሻራ ነበር። ወደ በሩ የሚሄድ አይደለም፣ ወደ እኔ የሚመጣ። ያኔ ሳላስበው ሳንቲሙን ዋጥ አደረግኩት።

«ጋሼ፣ ሳንቲሙስ?» አለኝ ታምራት በተሰበረ አፉ።

ሆስፒታል ለእሱ አፉን ሲሰፉለት እኔን ራጅ አነሱኝ፣ ሆዴ ውስጥ ምንም የለም። በቀኝ ጎኔ ስተኛ ግን ከውስጤ ቋ... ቋ... ይላል፣ እኔም ጉንጬን በእጄ ሸፍኜ አድራለሁ።

ለሙዚየሙ «ገና ምርመራ ላይ ነው» ብያለሁ። ውሸትም አይደለም፣ ይኸው ወራት ሆነኝ፣ ታላቁ የሳንቲም ሊቅ በየማለዳው መታጠቢያ ቤት ቆልፌ፣ በዚያው በቁፋሮ ብሩሼ፣ የገዛ ሰገራዬን እፈትሻለሁ።