የእማማ ሸጌ ሦስተኛ ገጽ

«ይቺን አውጪያትና በቀረው ላይ አሻራቸውን ተቀበዪ» አሉ መምህር ደረሰ። ከአራቱ ገጾች ሦስተኛውን መዝዘው ለእየሩስ መለሱላት።

እየሩስ ወረቀቱን አየችው። የእማማ ሸጌን ድምፅ ከስልኳ እየሰማች፣ ከኽምጣኛ ወደ አማርኛ እየመለሰች ሁለት ቀን ሙሉ የደከመችበት ነው።

«ለምን ይወጣል፣ ቲቸር?»

«በዓል ነዋ! የኮሌጁ የሃያኛ ዓመት መጽሐፍ ላይ የመሬት ክርክር ምን ይሠራል? ውሃ ያጠጡበት፣ ተማሪ ያስጠጉበት አለ አይደል? ያ ይበቃል።» ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «የዝናሽ ልጅ አይደለሽ? እናትሽ እዚሁ ግቢ እንደምትሠራ አትርሺ።»

መምህር ደረሰ ክፉ ሰው አይደሉም። ክፉ ቢሆኑማ ነገሩ በቀለለ። ከሌላ አገር ተመድበው ሰቆጣ ከመጡ ሦስት ዓመታቸው ነው፤ የኮሌጁንና የጎረቤቶቹን ትዝታ እንሰብስብ ብለው የተነሡት እሳቸው፣ ከከተማው ትምህርት ቤት ኽምጣኛ የሚችሉ የአሥረኛ ክፍል ልጆችን መርጠው በየቤቱ የላኩትም እሳቸው ናቸው። ደንቡንም ያወጡት ራሳቸው ናቸው፤ የተጻፈው ለባለታሪኩ ይነበብለታል፣ «አዎ፣ ቃሌ ነው» ሲል አሻራውን ያኖራል።

እማማ ሸጌን የኮሌጁ ተማሪ ሁሉ ያውቃቸዋል። ቦኖ ውሃ ሲሄዱ ግቢውን ያቋርጣሉ። ቤተ መጻሕፍቱ ፊት ሲደርሱ የላስቲክ ጫማቸውን አውልቀው በእጃቸው ይይዛሉ፤ አለፍ ሲሉ መልሰው ያጠልቃሉ። ተማሪው ሙድ ይይዝባቸዋል፣ ቪዲዮ ይቀርጻቸዋል። እየሩስም እናቷ ዘንድ ስትመላለስ አንድ ሰሞን ከሳቂዎቹ ጋር ስቃለች፤ አሁን ስታስበው ታፍራለች።

ሦስተኛው ገጽ ላይ የሰፈረው የዚያ ምክንያት ነው። «ቤተ መጻሕፍቱ ፊት ያለው አውድማችን ነበር» ይላሉ እማማ ሸጌ። «አውድማ በጫማ አይረገጥም። ለኮሌጁ መሬቱን ሊለኩ የመጡት ሰዎች ግን እህላችን ሳይነሣ ከነጫማቸው ገቡበት። ምትክ እንሰጣችኋለን አሉን፤ ይኸው እስከ ዛሬ። የልጆች መማሪያ ነው ብዬ ቻልኩት። ግን ማን ጠየቀኝ?»

እየሩስ ነገሩን ስትነግራት ጓደኛዋ ማዕረግ ሳቀች። «አቦ አታካብጂ! አስፈርሚና ተገላገዪ። ማን ያነበዋል?»

እናቷ ግን አልሳቀችም። ሽንኩርት መክተፏን አቁማ «ውሌ ሰኔ ላይ ነው የሚታደሰው» አለች። ለእየሩስ ያቺው ቃል ከበቂ በላይ ነበረች።

በማግስቱ ከትምህርት ቤት ስትወጣ ሦስቱን ገጾች በእጇ፣ አንዱን በቦርሳዋ ይዛ እማማ ሸጌ ቤት ሄደች። ገና ወረቀቱን ከመዘርጋቷ አሮጊቷ አውራ ጣታቸውን ባመጣችው የአሻራ ቀለም ውስጥ ነከሩ።

«ማንበቡን ተይው ልጄ፤ አንቺ አይደለሽ የጻፍሽው? የት ላይ ነው የምጫነው?»

እየሩስ ዝም ብትል ነገሩ አልቆ ነበር። ጣታቸው ሊያርፍ ሲል ወረቀቱን ሳበችው።

«ቆይ፣ እማማ። ይኼ ጎደሎ ነው።» የሆነውን ሁሉ ነገረቻቸው፤ የእናቷን ውል ብቻ ዋጠችው።

እማማ ሸጌ ቀለም የነካ ጣታቸውን ቀስረው ቆዩ። «እንግዲህ ውሃ አጠጪ ብቻ ሆኜ ልቀር?» አሉ። «ሙሉውን አውጪ። አንብቢልኝ፤ አንዲት ቃል እንዳታስቀሪ!»

ወደ ኽምጣኛ እየመለሰች አነበበችላቸው። በአራቱም ገጽ ግርጌ አሻራቸውን አኖሩ፤ ሦስተኛው ላይ አጥብቀው ስለተጫኑት ቀለሙ ተዝረከረከ።

የኮሌጁ ኮሪደር ላይ እናቷን መወልወያ ይዛ አገኘቻት። ዝናሽ ወረቀቶቹን በዓይኗ ቆጠረች።

«ሁሉንም ነው?»

«ሁሉንም።» እየሩስ ወረቀቶቹን ደረቷ ላይ አጥብቃ ያዘች። ፈርታለች፤ ንዴቷ ግን ከፍርሃቷ በልጧል።

እናቷ አንድ ጊዜ በረጅሙ ተነፈሰችና የመምህር ደረሰን በር የዘጋውን ባልዲ አንሥታ መንገዱን ለቀቀችላት።

መምህር ደረሰ ገጾቹን አገላበጡ። ፊታቸው ተለዋወጠ። «እኔ ምን ነበር ያልኩሽ?»

«አሻራ የሚኖረው በተነበበላቸው ላይ ነው ብለውናል፣ ቲቸር። የተነበበላቸው ይኼ ነው።»

«እሺ፣ አስቀምጪው። እናየዋለን።»

እየሩስ ተማሪዎቹ ያስረከቡት ወረቀት የሚሰፍርበትን የርክክብ መዝገብ ከጠረጴዛው ዳር ስባ ገለጠች። በእማማ ሸጌ ስም አንጻር «አራት ገጽ» ብላ ጻፈችና መዝገቡን ወደ መምህሩ አዞረችው።

«የተረከቡበትን ይፈርሙልኝ» አለች፤ እስክሪብቶውን አቀብላቸው ቆማ ጠበቀች።