ከጣሪያው መልስ አልመጣም

የዲሽ ሠራተኛው የሰላሀዲን ሬሳ በአቶ ሞላ ፎቅ ሥር፣ ጫማውን እንደተጫማ፣ የጫማው ክር እንደታሰረ፣ በግንባሩ ተደፍቶ ነበር። ኢንስፔክተር ውብነሽ ገና ሳትጎነበስ ንፋስ መውጫ ከተማ ፍርዷን ሰጥታ ጨርሳለች፤ ሰውየው ዲሽ ሊያስተካክል ጣሪያ ወጣ፣ መሰላሉ ከዳው፣ ወደቀ። መሰላሉን ያሰረችው ደግሞ ሚስቱ ናት።

ሚስቱ ሀምዲያ ለብቻዋ ከግቢው በር አጠገብ ቆማለች። ጠዋት መሰላሉን ከመስኮቱ ብረት ጋር አስራ፣ ሱቃቸውን ልትከፍት ሄዳ ነበር። አማቷ እማማ ፈይሩዝ ከልጃቸው ራስጌ ተቀምጠው የተናገሩት አንድ ነገር ብቻ ነው።

«ይህች ሴት ከቀብር መልስ ቤቴ እንዳትገባ።»

ከዚያ ወደ ኢንስፔክተሯ ዞሩ። «ዛሬ ከሰዓት ለአስር ሰላት ልጄን እቀብራለሁ። የእናንተ ወረቀት እሱን አይመልሰውም።»

«እስከዚያ ይታገሱኝ፣ እማማ» አለች ውብነሽ። የሟቹን ማጅራት አየች፤ ቁስሉ ከኋላ ነው። ከኮቱ ኪስ ጡጫ የሚያህል ነጭ ፕላስቲክ አወጣች፤ ሲነቀነቅ ውስጡ ውሃ አለው። ፖስታ ውስጥ ከተተችው።

አቶ ሞላ የእህል ነጋዴ ነው። ሳይጠየቅ ጀመረ።

«እኔ ሳሎን፣ ከቴሌቪዥኑ ፊት ነበርኩ። እሱ ላይ ሆኖ ያዞራል፣ እኔ ‹መጣ! ሄደ!› እላለሁ።»

«እና መጣ?»

«ጥርት ብሎ! የሲግናሉ ጥራት ሰባ ሁለት ገባ። ‹እሰረው!› አልኩት። ወዲያው ሊወርድ ሲል መሰላሉ ተንገዳገደ፤ ዱብ! ምን ይደረግ፣ ሴት ያሰረችው ገመድ!»

«እኔም ቀበቶዬን የማስረው ራሴ ነኝ» አለችው ውብነሽ። «ሽጉጡ እስካሁን አልወደቀም።»

ሁለተኛው ባዩ ነበር፤ አጥር የሚጋራ ጎረቤት።

«ባለፈው ሳምንት ሰላሀዲንን እገልሃለሁ ብለኸዋል አሉ።»

«ኧረ እጅህን እቆርጠዋለሁ ነው ያልኩት! ለምን ይጨምራሉ?» አለ ባዩ ተቆጥቶ። «ባሕር ዛፍህ ሲግናሉን ጋርዷል፣ ቁረጠው ይለኛል። ሰማይ ያህል ነገር በእኔ ዛፍ ይጋረዳል? ዛሬ ግን ከንጋት ጀምሮ ወፍጮ ቤት ነበርኩ፤ ተራ የነጠቀኝ ሁሉ ምስክሬ ነው።»

ከግድግዳው ማዶ ገብስ የሚያሰጡት እትዬ ካሣነሽ ግን ጆሯቸው ሌላ ሥራ አልነበረውም።

«ሰምቻለሁ፣ ልጄ። ሞላ ነው። መጣ፣ ሄደ፣ ወደ ግራ፣ እሰረው! ወዲያው ደግሞ ኡኡ አለ።»

«ሰላሀዲንስ ምን ይል ነበር?»

«እሱማ የእኔን ሲሠራልኝ ‹ጨመረ? አሁንስ? አሁንስ?› እያለ ጆሮዬን አደንቁሮኝ…» እጃቸው ገብሱ ላይ ቀረ። «ዛሬ ግን ድምፁን አልሰማሁም።»

ውብነሽ ወደ ሀምዲያ ሄደች። «ባልሽ ጣሪያ ላይ በጫማ ይወጣ ነበር?»

«በጭራሽ። ጫማ ቆርቆሮ ላይ ያንሸራትታል። ከመሰላሉ እግር አውልቆ ነው የሚወጣው፤ ሲወርድ ያጠልቃል።»

ኢንስፔክተሯ ጫማዋን አውልቃ መሰላሉን ወጣች። እንጨቱ ሲጥ አለ እንጂ ንቅንቅ አላለም። ጣሪያው ላይ ዲሹ ወደ ምሥራቅ አቅንቷል፤ ክንዱ ጫፍ ላይ ግን ምንም የለም። የዲሹ ገመድ አፍ በፌስታል ተሸፍኖ በቀይ ፕላስተር ሁለቴ ተጠምጥሟል። ኃይለኛ ነፋስ መጣና ባርኔጣዋን ሊነጥቃት ቃጣ። ከቤቱ ጀርባ በታጠረው ጓሮ ደግሞ የጭድ ክምሩን ገለጠው። ከጭዱ ሥር አንድ ነገር አብለጨለጨ።

ወርዳ ለረዳቷ ለኮንስታብል ሰውነት በጆሮው ነገረችው። እሱ ወደ ጓሮው ሄደ፤ እሷ ሁሉንም ግቢው ውስጥ ሰበሰበች። ለሰላቱ አንድ ሰዓት አልቀረም።

ፖስታውን ከፈተች። «ሀምዲያ፣ ይህ ምንድን ነው?»

«ኤልኤንቢ። የዲሹ ዓይን ነው፤ ሲግናሉን የሚቀበለው።» ተቀብላ ነቀነቀችው። «ውሃ ገብቶበት ሞቷል። ምናልባት ከሱቅ ሌላ ሊያመጣ ነበር።»

«እሱ ሳይኖር ምስል ይመጣል?»

«ያለ ዓይን ይታያል?»

«አቶ ሞላ ግን በሰባ ሁለት አይተዋል።»

ሞላ ወደ ጣሪያው አንጋጠጠ። «ከዚያ በኋላ ነቅሎት ይሆናል።»

«መቼ? ‹እሰረው› እንዳልኩት ወዲያው ወደቀ ብለውኛል። ዓይኑን የነቀለው፣ የገመዱን አፍ ከዝናብ የሸፈነው፣ ወርዶ ጫማውን ያሰረው በየትኛው ጊዜ ነው?» ድምጿን አልጨመረችም። «ሰላሀዲን ሥራውን አቋርጦ በደኅና ወርዷል። ጫማውን አድርጎ ቀና ሲል ከኋላ ተመታ። ከዚያ እርስዎ ሳሎን ገብተው ለጎረቤት ጆሮ ጮኹ። እትዬ ካሣነሽ ግን የሰሙት የአንድ ሰው ድምፅ ነው። ዲሽ ሲስተካከል የላይኛው ይጠይቃል፣ የታችኛው ይመልሳል። ዛሬ ጠያቂ አልነበረም፤ እርስዎ ለሞተ ሰው ነበር የሚመልሱት። ጣሪያ ወጥተው ቢሆን ዓይኑ እንደሌለ ያውቁ ነበር።»

«ለምን ብዬ እገድለዋለሁ?»

መልሱን ኮንስታብል ሰውነት ከጓሮው ይዞ መጣ፤ በአንድ እጁ ደም የነካው የብረት ቱቦ፣ በብብቱ ከጭዱ ሥር ካሉት አንድ የሶላር ፓኔል። የፓኔሉ ገመድ በቀይ ፕላስተር ሁለቴ ተጠምጥሟል።

ሀምዲያ ዘላ ፓኔሉን ያዘች። «ይህ የሰላሀዲን እጅ ሥራ ነው! ስማዳ ጤና ኬላ የሰቀለው፣ ባለፈው ወር የተሰረቀው!»

«ጠዋትም ነፋሱ እንዲሁ ጭዱን ገለጠለት፤ እሱም የገዛ ሥራውን ከጣሪያ ላይ አየ» አለች ውብነሽ።

ሞላ ድንጋዩ ላይ ተቀመጠ። «እየሳቀ ነው የነገረኝ» አለ ለራሱ እንደሚያወራ። «‹አቶ ሞላ፣ እነዚህንማ እኔ ነኝ የሰቀልኳቸው› አለኝ። እየሳቀ።»

ካቴናው ሲቆለፍ ውብነሽ ወደ ፈይሩዝ ዞረች። «እማማ፣ መሰላሉ ልጅዎን በደኅና አውጥቶ በደኅና አውርዶታል። እኔንም።»

አሮጊቷ ተነሥተው ወደ መሰላሉ ሄዱ። ቋጠሮውን ዳሰሱት፤ በጥፍራቸው ሊፈቱት ሞከሩ። እምቢ አላቸው።

«ማን ነው እንዲህ ማሰር ያስተማረሽ?» አሉ ፊታቸውን ሳያዞሩ።

«ማንም» አለች ሀምዲያ።

ከመስጊዱ አዛን ተሰማ። ፈይሩዝ እጃቸውን ከገመዱ ላይ ሳያነሡ ቦታ ለቀቁላት።

«ነይ ፍቺው በይ። ከቀብር መልስ መሰላላችንን ይዘን ቤታችን እንገባለን።»