በሰሜን በኩል ያለው ግድግዳ

በቺሎኤ ደሴት የሰሜን ነፋስ የማይደበድበው ቤት የለም። በእነሄርሚንዳ ቤት ግን ዱላው በዝቶ፣ ግድግዳውን ከላይ እስከ ታች ካለበሱት ስስ ሳንቃዎች ገሚሶቹ ተሰንጥቀው፣ ገሚሶቹ በስብሰው ረግፈዋል። እናቷ ኦቲሊያ ለጥገናው ከማዶ መንደር ዴልሚሮን አስጠራች። ዴልሚሮ ደግሞ ይህን ሥራ እንደጨረሰ መርከብ ተሳፍሮ ወደ ደቡብ፣ ወደ በግ እርባታዎቹ ለሥራ ሊሄድ ነው። ወደዚያ ከሄዱት የደሴቲቱ ወንዶች ስንቶቹ እዚያው ቀርተዋል! የሄርሚንዳ አባትም ከእነሱ አንዱ ነው።

ስለዚህ መዶሻው በተሰማ ቁጥር ሄርሚንዳ ትደነግጣለች። አንድ ሳንቃ በተመታ ቁጥር መሄጃው እየቀረበ ነዋ! መስኮቱ ሥር ተቀምጣ ድንች ስትልጥ፣ እሱ ከውጭ በመስኮቱ ዙሪያ ይሠራል። ዓይን ለዓይን ሲጋጩ ሁለቱም ያቀረቅራሉ።

«ትንሽ አረፍ በል እንጂ፤ ግድግዳው አይሮጥ!» አለችው አንድ ቀን፣ ትኩስ የድንች ቂጣ ይዛለት ወጥታ።

«ግድግዳውስ አይሮጥም። መርከቡ ነው የሚሮጠው።»

«እሱማ ይሮጣል» አለች፣ ቂጣውን እያቀበለችው።

አትሂድ ልትለው ፈልጋ ነበር። ግን እናቷ ኮርታ የምትናገረው ነገር አለ፤ «ወንድ ልጅን አትሂድ ብሎ መለመን ውርደት ነው። እኔ አባትሽን አልለመንኩም።» ሄርሚንዳ ይህን እየሰማች ነው ያደገችው። እናቷ ብትለምነውስ ኖሮ ብላ የምታስበው ለብቻዋ ነው።

ዴልሚሮ ሥራውን ጨርሶ እጇን ጨበጣት። «በይ ደህና ሁኚ።»

«መልካም መንገድ» አለች። ማታውን ምላሷን ስትረግም አመሸች።

በነጋታው የሰሜን ነፋስ ዝናቡን ይዞት መጣ። ወደቡ ተዘጋ፤ መርከቡም ቆመ። ከሰዓት በኋላ ግድግዳው ቋ! ቋ! እያለ ይጮህ ጀመር። በደረቁ ወራት የተመቱት ሳንቃዎች ውሃ ጠጥተው አብጠው፣ እርስ በርስ እየተገፋፉ ሚስማራቸውን ነቅለው ተነፍተዋል። ደረቅ ሳንቃ ሲመታ ለእብጠቱ የጥፍር ያህል ክፍተት እንደሚተውለት በዚያ ደሴት ሕፃን ልጅ እንኳ ያውቃል።

ኦቲሊያ ላከችበት። ዴልሚሮ ዝናብ እየወረደበት ደረሰ።

«አንተ ልጅ፣ ክፍተት መተው ረሳህ?»

«ረሳሁ፣ እትዬ ኦቲሊያ።»

«ዓይንህ የት ሄዶ ነው?»

ፊቱ እስከ ጆሮው ቀላ። ኦቲሊያ ግድግዳውን ዳር እስከ ዳር አየችው። መስኮት በሌለበት በኩል ያሉት ሳንቃዎች ልክ እንደነበሩ ናቸው። የተነፉት በመስኮቱ ዙሪያ ያሉት ብቻ ናቸው። መስኮቱን አየች፤ ልጇን አየች።

«ድስቱ እንዳያርብኝ» ብላ ገባች።

ዴልሚሮ ሚስማር እየነቀለ ሳንቃዎቹን ያወርዳል፤ ሄርሚንዳ ከሥር ትቀበላለች። አመሻሹ ላይ ነፋሱ ጋብ ሲል ከወደቡ የመርከቡ ጡሩምባ ተሰማ።

«ነገ በጠዋት ይነሳል ማለት ነው» አለ ዴልሚሮ፣ ዞር ሳይል።

«አትሂድ።»

«ምን አልሽ?»

«አትሂድ አልኩህ! እየለመንኩህ ነው። ውርደትም ከሆነ ይሁን። እወድሃለሁ፤ አትሂድ!»

መዶሻውን አስቀምጦ መሰላሉ ላይ ቁጭ አለ። ዝናቡ ይሁን እንባው አይታወቅም፣ ጉንጩ ርሷል።

«አባቴ ሲሄድ እናቴ ስንቅ ቋጠረችለት» አለ። «ወንድሞቼ ሲሄዱም ስንቅ ቋጠረች። የእኔንም ቋጥራ ጨርሳለች። በዕድሜዬ አንድ ወንድ አትሂድ ሲባል ሰምቼ አላውቅም።»

«አሁን ሰማሃ።»

«ሰማሁ» አለና ከመሰላሉ ወረደ። «አልሄድም።»

ከውስጥ ድስት ስታማስል የነበረችው ኦቲሊያ እጇ ቆመ። ሁሉንም ሰምታለች። ማንኪያውን እንደያዘች ወንበሩ ላይ ተቀመጠች፤ ባሏን ሸኝታ የተመለሰች ቀን የተቀመጠችውም እንዲሁ ነበር።

«ይህን ያህል ቀላል ኖሯል እንዴ?» አለች፣ ማንም በሌለበት ኩሽና።